የአሮጌዋ ቮልስዋገን ብልጭታ፦ ከፖይንት ወደ ኤሌክትሮኒክስ

በደቂቃ 3,000 ጊዜ የሚዞር የቮልስዋገን ቢትል ሞተር በየሰከንዱ 100 ብልጭታ ይፈልጋል። ሲሊንደሮቹ አራት ናቸው፤ እያንዳንዱም በሁለት ዙር አንድ ጊዜ ይተኩሳል። ይህን ሁሉ ብልጭታ የምታዝዘው ዲስትሪቢውተሩ ውስጥ የምትከፈትና የምትዘጋ አንዲት ትንሽ የብረት መገናኛ ናት። ጋራዥ ውስጥ ፖይንት ትባላለች። መኪናዋ ጠዋት አልነሳ ስትል፣ ዳገት ላይ ስትንተፋተፍ፣ ቤንዚን ስትጨርስ ብዙ ሰው ጣቱን የሚቀስረው ካርቡሬተሩ ላይ ነው። ጥፋተኛዋ ግን ብዙ ጊዜ ይህቺው ፖይንት ሆና ትገኛለች።

አዲስ አበባ ቮልስዋገንን አሁንም በየሰፈሩ ታሽከረክራለች። ጀርመን የቢትልን ሴዳን መሥራት ያቆመችው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው፤ የመጨረሻዋ ቢትል ደግሞ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2003 ሜክሲኮ፣ ፑዌብላ ከሚገኘው ፋብሪካ ወጣች። ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርተዋል። መንግሥት ጥር 2016 ዓ.ም. ላይ ኤሌክትሪክ ያልሆኑ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ካሳወቀ በኋላ፣ በእጅ ያለችውን አሮጌ መኪና በደንብ ይዞ ማቆየት ከቀድሞው የበለጠ ትርጉም አለው። በትንሽ ወጪና በአንድ ከሰዓት ሥራ ትልቅ ለውጥ ከሚያመጡ ጥገናዎች መካከል የማቀጣጠያውን ክፍል ማሻሻል ግንባር ቀደም ነው።

አሠራሩ የቆየ ነው። አሜሪካዊው ቻርልስ ኬተሪንግ ለእ.ኤ.አ. 1910 ሞዴል ካዲላክ ካዘጋጀው የባትሪ ማቀጣጠያ ወዲህ መሠረቱ አልተለወጠም። ፖይንቷ ስትዘጋ የባትሪው ጅረት ወደ ኮይሉ ይገባና መግነጢሳዊ መስክ ይፈጥራል። ስትከፈት ጅረቱ በድንገት ይቋረጣል፣ መስኩም ይፈርሳል፤ በዚያች ቅጽበት 12 ቮልት የነበረው ከ20,000 ቮልት በላይ ሆኖ በዲስትሪቢውተሩ ክዳን በኩል ተራው ወደደረሰው ካንዴላ ይሮጣል። ኮንደንሰሩ ፖይንቷ ስትከፈት በራሷ አፍ ላይ ብልጭ እንዳትልና እንዳትቃጠል ይጠብቃታል።

ድክመቱ ያለው መልበሱ ላይ ነው። ፖይንቷን የሚከፍታት የዲስትሪቢውተሩ ዘንግ ሲዞር የሚገፋት ትንሽ የፋይበር ቁራጭ ነው። ፋይበሩ እየተፋተገ ያልቃል። ፋብሪካው 0.4 ሚሊ ሜትር እንዲሆን ያዘዘው ክፍተት በዚያው መጠን ይጠባል፤ ፖይንቷ ዘግይታ ትከፈታለች፣ ብልጭታውም ዘግይቶ ይመጣል። ሾፌሩ ይህን የሚያውቀው አንድ ቀን በድንገት አይደለም፤ መኪናዋ በየሳምንቱ ትንሽ በትንሽ እየደከመች ትሄዳለች፣ እሱም ድካሟን ይለምደዋል። በየ10,000 ኪሎ ሜትሩ የምትታይና የምትስተካከል ፖይንት ይህ አይደርስባትም። ችግሩ በየ10,000 ኪሎ ሜትሩ የሚያየው ሰው መጥፋቱ ነው።

ለዚህ ችግር መፍትሔ ሆኖ የሚገጠመው ኤሌክትሮኒክ ኪት የሚተካው ይህችን የምታልቅ ክፍል ብቻ ነው። እንደ ፐርትሮኒክስ ባሉት ኪቶች ውስጥ ዘንጉ ላይ ማግኔት ያለው ቀለበት ይገባል፤ በፖይንቷ ቦታ ደግሞ ማግኔቱ ሲያልፍ የሚያውቅ መቆጣጠሪያ ይታሰራል። ይህ መቆጣጠሪያ የሚሠራበትን የፊዚክስ ክስተት ኤድዊን ሆል ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1879 ነው። የሚፋተግ ነገር ስለሌለ ክፍተቱ አይለወጥም፣ ኮንደንሰርም አያስፈልግም። ከውጭ ሲታይ ዲስትሪቢውተሩ የድሮው ራሱ ነው፤ የመኪናዋን መልክ ለሚወድ ባለቤት ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ኪቱ የሚቃጠለው ግን ብዙውን ጊዜ በራሱ ድክመት ሳይሆን በአገጣጠሙ ነው። መጀመሪያ መታየት ያለበት ኮይሉ ነው። ለአራት ሲሊንደር የተሠራው ተራው ኪት ቢያንስ 3 ኦም የሚለካ ኮይል ይፈልጋል። 12 ቮልት በ3 ኦም ውስጥ 4 አምፔር ያሳልፋል፤ «ጠንካራ ብልጭታ ይሰጣል» ተብሎ 1.5 ኦም ኮይል ቢገባ ግን ጅረቱ ወደ 8 አምፔር ይወጣል፣ መቆጣጠሪያውም ይግላል። ስለዚህ ከመግዛት በፊት ተራ መልቲሜትር ይዞ የኮይሉን ሁለት ትናንሽ ጫፎች መለካት ነው። ቀዩ ሽቦ ቁጥር 15 ከተጻፈበት ጫፍ፣ ጥቁሩ ቁጥር 1 ከተጻፈበት ጋር ይታሰራል፤ ከተገላበጠ ኪቱ አለቀለት። ሞተሩ ሳይነሳ ቁልፉን ከፍቶ ሬዲዮ እያዳመጡ መቀመጥም ያው ነው፣ ኮይሉንም መቆጣጠሪያውንም ያቃጥላል። በእ.ኤ.አ. 1960ዎቹ አጋማሽና ከዚያ በፊት የተሠራች ቮልስ ያለው ሰው ደግሞ መኪናው ባለ 6 ቮልት መሆን አለመሆኑን አስቀድሞ ያጣራ፤ የ12 ቮልቱ ኪት ለእሷ አይሆንም።

ሌላው በብዛት የሚታይ ስህተት «ማሻሻያ» ተብሎ ዲስትሪቢውተሩን በሙሉ በቦሽ 009 መቀየር ነው። 009 ቫኪዩም (በሞተሩ የአየር መሳብ የሚሠራ ማስቀደሚያ) የለውም፤ ብልጭታውን የሚያስቀድመው በፍጥነት ብቻ ነው። 34 ፒክት 3 ካርቡሬተር ካለው ሞተር ጋር ሲገናኝ ሾፌሩ ነዳጅ በረገጠ ቁጥር መኪናዋ ለአፍታ ትሞትና ትነሳለች። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ለሚወጣ ሰው ይህ አፍታ ከባድ ነው። ቫኪዩሙ የሚሠራ የፋብሪካ ዲስትሪቢውተር ያለው ሰው እሱን ይያዝ፤ ኪቱን እዚያው ውስጥ ያስገባ።

ኪቱ ከተገጠመ በኋላ ታይሚንጉ፣ ማለትም ብልጭታው የሚመጣበት ቅጽበት፣ እንደገና መስተካከል አለበት፤ መቆጣጠሪያው የሚያዝበት ቅጽበት ከፖይንቷ ጋር አንድ አይደለም። ለዚህ የታይሚንግ መብራት ያለው ጋራዥ ይመረጣል። ታይሚንጉ ከልክ በላይ ከቀደመ በቮልስዋገን ላይ ቀድሞ የሚጎዳው 3ኛው ሲሊንደር ነው፤ በቀደሙት ሞተሮች የዘይት ማቀዝቀዣው ወደ እሱ የሚሄደውን አየር ስለሚጋርድ ከሌሎቹ ይበልጥ ይግላል። የካንዴላዎቹ ተራ 1፣ 4፣ 3፣ 2 ነው፤ ሽቦ ሲነቀል ምልክት ማድረግ ብዙ ድካም ያስቀራል።

ከኤሌክትሮኒክሱ የማይጠበቅ ነገርም አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ በሩብ ያህል ያንሳል። ለጠረፍ የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚህ ቤንዚኑን ያበዛል፣ ካንዴላውም ጥቁር ጥላሸት ይይዛል። ጥላሸት የለበሰ ካንዴላ ላይ ምንም ዓይነት ኪት ቢገባ ችግሩ አይጠፋም። ካንዴላው ተፈትቶ ይታይ፤ ደረቅ ጥቁር ከሆነ መጀመሪያ ካርቡሬተሩ ይስተካከል፣ ያረጁ የካንዴላ ሽቦዎችና የተሰነጠቀ ክዳን ይቀየሩ። ኪቱ ከዚያ በኋላ ይምጣ።

ኪቱን የምታስገቡ ሁሉ፣ የወጣችውን ፖይንትና ኮንደንሰር አትጣሏቸው። ፖይንት ስትደክም አስቀድማ ታስታውቃለች፣ የተቃጠለ መቆጣጠሪያ ግን ሞተሩን ባለበት ያጠፋዋል፤ መንገድ ላይም አይጠገንም። የድሮዎቹን ዕቃዎች ከአንድ ጠፍጣፋ መፍቻና ክፍተቱን ከሚለካው ፊለር ጌጅ ጋር ጠቅልላችሁ መኪናው ውስጥ አስቀምጡ። ደብረ ብርሃን መንገድ ላይ ብትቆሙ በግማሽ ሰዓት መልሳችሁ ገጥማችሁ ቤታችሁ ትገባላችሁ።