ኀይል በተቋረጠ ጊዜ መኪናን አጽንቶ ስለሚይዝ ፍሬን

የአርሲ ደጋ የስንዴና የገብስ አገር መሆኑ የታወቀ ነው። በጭላሎ ተራራ ግርጌ ባለችው በአሰላ ከተማ፥ ካዱ ተብሎ የተጠራው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት በፈረንጆች ቍጥር በ1967 ዓመት ተቋቁሞ፥ ማረሻንና የበሬ ጋሪን የመሳሰሉትን መሣሪያዎች እያሻሻለ ለገበሬው ለማድረስ ይደክም ነበር። የእርሻ መሣሪያ ግን ያለ ብረት ሥራ አይገኝም፤ ብረትን የሚቀርጹና የሚበሱ መኪናዎችም፥ ይኸውም ቶርኖ፥ ፍሬዛና መብሻ፥ በኤሌክትሪክ ሞተር ይንቀሳቀሳሉ። ስለዚህ መብራት በድንገት ሲጠፋ በእነዚህ መኪናዎች ላይ የሚሆነውን ማወቅ ለመምህርም ለሽማግሌም የተገባ ነው።

ብዙ ሰው መብራት ሲጠፋ መኪናው ፈጽሞ የሞተ ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ኤሌክትሪክ ቢሄድም ሁለት ነገሮች ወደ ኋላ ይቀራሉ፤ አንደኛው አስቀድሞ የተገኘው ሩጫ ነው፤ ሁለተኛውም ክብደት ነው። ሩጫውን ለመረዳት የእህል ወፍጮን መመልከት ይበቃል፤ ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ድንጋዩ ጥቂት ጊዜ ይዞራልና። ክብደቱንም ለመረዳት ከጕድጓድ ውሃ የሚቀዳውን ሰው ማሰብ ነው፤ ገመዱን የያዘው እጅ ቢላላ ባልዲው ወደ ታች ይወርዳል።

በብረት መሥሪያ መኪናም እንዲሁ ነው። ወደ ጎን የሚሄደው ጠረጴዛ በሩጫው ጥቂት ሄዶ ይቆማል፤ እጅግ ፈጣን ከሆነም እስከ ዳር ደርሶ ይጋጫል። ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄደው፥ መቍረጫውን የተሸከመው የመኪናው ራስ ግን የባሰ አደጋ አለበት። በቀድሞዎቹ መኪናዎች ይህን ራስ የሚያወጣና የሚያወርድ ወፍራም ጥርስ ያለው ጠመዝማዛ ብረት ነበረ፤ ብረት በብረት ላይ ስለሚፋተግ አብዛኛውን ጊዜ ክብደቱን ያለ ሌላ ረዳት ይይዝ ነበር። በአዲሶቹ ግን በጠመዝማዛው ብረትና በፍሬው መካከል ትናንሽ የብረት ኳሶች ይሽከረከራሉ። ፍትጊያው ጥቂት ስለ ሆነ ሥራው የቀና ይሆናል፤ ነገር ግን የሚይዘው ከሌለ የመኪናው ራስ በገዛ ክብደቱ ይወርዳል። ከበታቹም የሠራተኛ እጅ ሊኖር ይችላል።

ስለዚህ ብልሃተኞች ፍሬኑን በተገላቢጦሽ ሠሩት። በዚህ ፍሬን ውስጥ ጠንካራ ሞላ አለ፤ ሥራውም ዘወትር ሁለት ክብ ሰሌዳዎችን አጣብቆ ሞተሩ እንዳይዞር መያዝ ነው። ኤሌክትሪክ ሲመጣ ማግኔት ሞላውን ወደ ኋላ ስቦ ፍሬኑን ይከፍታል። ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ ግን ማግኔቱ ይለቃል፤ ሞላውም ማንንም ሳይጠብቅ ይይዛል። ፍሬኑ በኤሌክትሪክ የሚይዝ ቢሆን ኖሮ በሚያስፈልግበት ሰዓት ባልተገኘም ነበር። ሌባ ሲመጣ የሚተኛ ዘበኛ ምን ይጠቅማል?

ይህም አሳብ የቈየ ነው። በ1854 ዓመት ኤሊሻ ኦቲስ የተባለ አሜሪካዊ በኒው ዮርክ በሕዝብ ፊት በተሰቀለ ሰገነት ላይ ቆሞ ገመዱን አስቈረጠ፤ ገመዱ ሲላላ የጋሪ ሞላ ተዘርግቶ በጎን ባለው ጥርስ ላይ ስለ ተያዘ ሰገነቱ ሳይወድቅ ቀረ። ከዚያም በ1872 ጆርጅ ዌስቲንግሃውስ፥ የአየር ቧንቧው ቢበጠስ ራሱ የሚይዝ የባቡር ፍሬን አወጣ።

ሌላም ዘዴ አለ። ቋሚ ማግኔት ያለው ሞተር ኤሌክትሪክ ከተቋረጠበት በኋላ በሩጫው ሲዞር ራሱ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ ይህም ሙቀትን ወደሚያወጣ ሽቦ ሲመራ ሩጫው ወደ ሙቀት ተለውጦ ሞተሩ ይደክማል። ነገር ግን ሩጫው ባነሰ መጠን የመያዝ ኀይሉም ያንሳል፤ ከቆመም በኋላ ምንም አይዝም። እንግዲህ ሩጫን ለማብረድ ይህ ዘዴ፥ የቆመውን አጽንቶ ለመያዝ ደግሞ የሞላው ፍሬን ይሻላል፤ ሁለቱ ቢተባበሩ እጅግ መልካም ነው። በአንዳንድ መኪናዎችም የመኪናውን ራስ የሚመዝን ሌላ ክብደት በማዶ ይሰቀላል፤ ይህም የፍሬኑን ድካም ያቃልላል።

ይሁን እንጂ ፍሬን ሁሉ ያረጃል። ዘይት ከነካው ይንሸራተታል፤ ሰሌዳው ካለቀም ይላላል። ስለዚህ ሦስት ነገሮችን መጠበቅ ይገባል። አንደኛ፥ ፍሬኑ በየጊዜው ይመርመር፤ ሲመረመርም ከመኪናው ራስ በታች ጠንካራ እንጨት ይደገፍ። ሁለተኛ፥ ማንም ሰው ፍሬኑን ብቻ አምኖ ከተሰቀለው ክብደት በታች እጁን አያስገባ። ሦስተኛ፥ መብራት ሲመለስ መኪናው ራሱ እንዳይነሣ፥ ሠራተኛው ዐውቆ ሲያስነሣው ብቻ እንዲሄድ ይደረግ።

መምህራን ይህን ለልጆች ሲያስተምሩ በገመድ የተንጠለጠለ ድንጋይ ቢያሳዩ ይበቃቸዋል፤ የያዘውን እጅ ለቀው፥ ድንጋዩን ምን ሊያስቀረው እንደሚችል ይጠይቋቸው። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፥ የመልካም ብልሃት ምልክቱ ኀይል ሳለ መሥራቱ ብቻ ሳይሆን ኀይል ሲጠፋ ሰውን አለመጕዳቱ ነው።