ተተኪ የሌለው ቡድን

ተመልካች የሚያጨበጭበው ጎል ላገባ ተጫዋች ነው። ይሁን እንጂ ቡድን የሚጸናው በተከላካዮቹ ነው። አጥቂ ብቻውን ሮጦ ሊያገባ ይችላል፤ ተከላካይ ግን ቦታውን ሲለቅ ጓደኛው ካልሸፈነለት በሩ ይከፈታል። ይህ መግባባት የሚገኘው አብሮ በመለማመድና በመሰለፍ ብቻ ነው።

ጎበዝ ተጫዋች መሄዱ አይቀርም። በ1996 እና በ1999 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግን ዋንጫ ካነሣው ከከተማችን ክለብ፣ ከሐዋሳ ከተማ፣ አዳነ ግርማ ወደ ቅዱስ ጊዮርጊስ ሄዷል። በጥር 2005 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካ በተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ ዛምቢያ ላይ ጎል ያገባው እርሱ ነው። ክለብ እንዲህ ያለው ሰው ሲሄድበት ሌላ ያስፈርማል፤ ትምህርት ቤት ግን ያሉትን ተማሪዎች ከማሠልጠን በቀር ሌላ መንገድ የለውም።

ዘንድሮ ከአራቱ ተከላካዮቻችን ሦስቱ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ነን፤ አንዱ እኔ ነኝ። የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ታናናሾቻችን ዓመቱን ሙሉ ከሜዳ ዳር ተቀምጠው ተመለከቱን እንጂ ከእኛ ጋር አልተሰለፉም። ለማሸነፍ ስለ ቸኮልን ቦታ አልለቀቅንላቸውም፤ ይህ ጥፋታችን ነው።

ስለዚህ እናንተ የምትቀሩ ወንድሞቻችን፣ በየጨዋታው ቢያንስ አንድ ታናሽ ተከላካይ ከነባሮቹ ጋር አሰልፉ። አንድ ጨዋታ ብትሸነፉ እንኳ የከርሞውን ቡድን ታተርፋላችሁ።