ልነግድ ወይስ ልጽደቅ?

«ሰው እየረዳሁ እኔም እንጀራዬን የማገኝበት ሥራ ብከፍትስ?» የሚለው ጥያቄ በርክቷል። ማኅበራዊ ኢንተርፕራይዝ ይሉታል። ስሙ ያምራል! ግን ጥሪት የሚያስጨርስ ጉዳይ ነውና ረጋ ብለን እንነጋገርበት።

ሰሞኑን አንዲት ጓደኛዬ «እስቲ ምከሪኝ» አለችኝ። ለ11 ዓመት የሠራችበትን የሒሳብ ሥራ ለቃ፣ በደረሳት እቁብ ስፌት ቤት ልትከፍት አስባለች። ሥራ ያጡ የሰፈሯን ሴቶች ቀጥራ፣ እየታጠበ የሚያገለግል የወር አበባ መጠበቂያ ልታሰፋ ነው። ሁለት ልጆች አሏት፤ ቤቱም የኪራይ ነው።

«የሚቻል ነገር ነው» አልኳት። መቀሌ ላይ በ2009 እ.ኤ.አ. እንዲህ ያለ ፋብሪካ የከፈተችው ኢንጂነር በ2019 እ.ኤ.አ. የሲኤንኤን የዓመቱ ጀግና ተብላለች። ግን ልብ በዪ! አብዛኛውን ምርት ይገዙ የነበሩት የረድኤት ድርጅቶች እንጂ ልጃገረዶቹ አይደሉም። ስለዚህ ጥያቄው ማን ይጠቀማል ሳይሆን ማን ይከፍላል ነው። ድሃዋ ተማሪ ገንዘብ የላትም፤ ድርጅቱም በጀቱ ሲያልቅ ይሄዳል። ያኔ ለሠራተኞችሽ ከየት አምጥተሽ ትከፍያለሽ?

ሁለተኛው የፈቃድ ነገር ነው። የንግድ ሕጉ፣ አዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ ብቻሽን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንድታቋቁሚ ይፈቅዳል፤ ግብር ከፍለሽ የተረፈው የራስሽ ነው። በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ከሄድሽ ደግሞ ነግዶ ገቢ ማግኘት ይቻላል፤ ትርፉ ግን ለዓላማው እንጂ ለኪስ አይውልም።

«ታዲያ ልተወው?» አለች፤ ፊቷ ጠቆረ።

የለም! ሥራሽን ሳትለቂ ቅዳሜና እሁድን ያዥ። በሁለት ሴቶችና በአንድ የስፌት መኪና ጀምሪ። ከመጀመሪያው ቀን ክፈያቸው፤ «ለበጎ ነው» ብለሽ በነጻ አታሠሪ። ለስድስት ወር ጨርቁን፣ ክሩን፣ ደመወዙን፣ የራስሽንም ድካም ሳይቀር መዝግቢ። የገዛ ሰው ተመልሶ ከመጣና ሒሳቡ ካልጎደለ መልቀቂያሽን አስገቢ። ካልሆነም ደመወዝሽ አለ፤ ከእቁቡም የሚበዛው ተርፎልሻል።

ውድ አንባቢያን፣ እናንተም ይህን ሳትሞክሩ ቤታችሁን አትበትኑ። መጽደቅ መልካም ነው። የከሰረ ስፌት ቤት ግን ማንንም አያጸድቅም፤ በሩ ሲዘጋ የተቀጠረችውም ሴት ተመልሳ ሥራ አጥ ናትና!