ግዙፉ ዘንባባ በካዛንቺስ ግቢ

ከመስቀል አደባባይ ተነስቶ በአፍሪካ አዳራሽ በኩል ወደ ካዛንቺስ የሚወጣ ሰው በሕንጻዎቹ መካከል ቀና ብሎ ካየ ዘንባባ አያጣም። አንዳንዱ በመንገድ ዳር አትክልት ውስጥ በቅርቡ የተተከለ ነው። ሌላው ከአሮጌ ቪላ አጥር በላይ ራሱን አውጥቶ የቤቱን ጣሪያ በእጥፍ በልጦ ይታያል። ሁሉም ዘንባባ ይባሉ እንጂ ዘራቸውም የትውልድ አገራቸውም የተለያየ ነው። በግቢው ሊተክል ያሰበ ሰው ችግኝ ከመግዛቱ በፊት ይህን ለይቶ ማወቅ አለበት፤ በአምስተኛው ዓመት «ይህስ አይሆንም» ብሎ እንደ ዋዛ ነቅሎ የሚያዛውረው ተክል አይደለምና።

የአገራችን ዘንባባ በሆሳዕና ዕለት በየራሳችን ላይ የምናስረው ነው። ሳይንሳዊ መጠሪያው ፊኒክስ ሬክሊናታ ሲሆን ቴምር ከሚያፈራው ዛፍ ጋር የአንድ ወገን ነው። ወንዝ ዳር፣ ርጥበት ያለበት ሸለቆ ይስማማዋል። ከአንድ ሥር ብዙ ግንድ ያወጣል፤ ግንዶቹም ቀጠን ያሉና ወደ ውጭ ዘንበል ያሉ ናቸው፤ ዐሥር ሜትርና ከዚያ በላይ ያድጋሉ። ሰሌን የሚሠራው ከዚሁ ቅጠል ነው፤ ቅርጫቱም፣ መጥረጊያውም እንዲሁ። በሆሳዕና ዋዜማ በቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢም ሆነ በሌሎቹ አድባራት ደጃፍ ቅጠሉ በነዶ እየታሰረ ይቀርባል። ሕፃናቱ ቀጭኑን ቅጠል ሁለት ሦስት ጊዜ እያጠፉ ቀለበትና መስቀል ይሠሩበታል፤ አዋቂዎቹ በግንባራቸው ዙሪያ ያስሩታል። ይህን ያህል የምናውቀውን ዛፍ በከተማ ግቢያችን እምብዛም አለመትከላችን ያስቆጫል።

በትላልቅ ግቢዎችና አደባባዮች ግርማ ሞገስ ያለው ሆኖ የሚታየው ደግሞ የካናሪ ዘንባባ ነው። ትውልዱ ከአፍሪካ ሰሜን ምዕራብ ጠረፍ ማዶ በሚገኙት የካናሪ ደሴቶች ነው። ግንዱ አንድ ብቻ፣ ወፍራምና ቀጥ ያለ ነው። የረገፉት ቅጠሎች መቆረጫቸው በግንዱ ላይ የአልማዝ ቅርጽ ያለው ጠባሳ እየተወ ይሄዳል። አንዱ ቅጠል ብቻውን ከአራት እስከ ስድስት ሜትር ይረዝማል፤ ዛፉም ሃያ ሜትር ሊደርስና ከመቶ ዓመት በላይ ሊኖር ይችላል።

ሦስተኛው ዋሺንግቶኒያ ነው። ስሙን ያገኘው ከመጀመሪያው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሲሆን ረጅሙ ዝርያ የመጣው ከሜክሲኮ ነው። የቀደሙት ሁለቱ ቅጠላቸው እንደ ላባ ግራና ቀኝ የተበጣጠሰ ሲሆን የዚህኛው ግን ከአንድ መሐል ተነስቶ የተዘረጋ ክብ ነው። በፍጥነት ማደጉ ለቸኮለ ሰው ደስ ያሰኛል። ነገር ግን ሃያ አምስት ሜትር አካባቢ ሲደርስ ከታች ለተቀመጠ ሰው የሚታየው ምሰሶ ብቻ ነው፤ ጥላውም የሚያርፈው ጎረቤት ግቢ ነው። ሎስ አንጀለስ ከተማ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. በየመንገዱ ዳር የተከለችው በብዛት ይህንኑ ዘንባባ ነው። ዛፎቹ ዛሬ እያረጁ ስለሆነ ከተማዋ በምትካቸው ጥላ የሚሰጡ ሌሎች ዛፎችን ወደ መትከል እያዘነበለች ነው።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ብርዱ ይጠነክራል። ስለዚህ የኮኮናት ዘንባባን የመሳሰሉ የሞቃት ጠረፍ ዛፎች እዚህ አይሆኑም። ባሕር ዳር በዘንባባ የተዋቡ መንገዶቿ የታወቁላት ሐይቁና ከእኛ የሞቀው አየር ስለረዷት ጭምር ነው። በአዲስ አበባ ብርድ ግን ከላይ የተጠቀሱት ሦስቱም ይችላሉ፤ የሚለያዩት በዕድገት ፍጥነትና በሚፈልጉት ስፋት ነው።

የዘንባባን ጠባይ ለመረዳት ከጽድና ከዋርካ ጋር አለመደመር ይበጃል፤ በዝምድና ለበቆሎና ለእንሰት ይቀርባል። እንደ ሌሎቹ ዛፎች ግንዱ በየዓመቱ ቀለበት እየጨመረ አይወፍርም። ችግኙ መጀመሪያ መሬት ላይ ቅጠሉን ዘርግቶ ለዓመታት ውፍረቱን ያዘጋጃል፤ ወደ ላይ መሄድ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። የካናሪው ዘንባባ ግንድ አውጥቶ እስኪታይ፣ በደህና እንክብካቤም ቢሆን፣ ዐሥር ዓመት ገደማ ሊፈጅ ይችላል። «አላድግ አለ» ተብሎ የሚነቀለው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ወቅት ነው፤ ዛፉ ግን ሥራው ላይ ነበር።

ግንዱ ቀለበት አለመጨመሩ ሌላም ውጤት አለው። ግንዱ ላይ የደረሰ ቁስል አይሽርም። ሚስማር የተመታበት፣ ሽቦ የታሰረበት፣ አካፋ የነካው ቦታ ዛፉ እስካለ ድረስ ክፍት ሆኖ ይቀራል፤ ለበሽታም በር ይሆናል። የዕድገቱ ምንጭ ደግሞ አናቱ ላይ ያለ አንድ እምብርት ብቻ ነው። አንድ ግንድ ያለው ዘንባባ አናቱ ከተቆረጠ ቅርንጫፍ አያወጣም፤ ይሞታል። «ቁመቱ በዛ፣ ከላይ ይከርከም» የሚል አትክልተኛ ዛፉን እየገደለ መሆኑን ማወቅ አለበት።

ተከላው ሰኔ ላይ፣ ክረምቱ ሲገባ ቢሆን ይመረጣል። ጉድጓዱ ሥሩን ከያዘው አፈር ሁለት ሦስት እጥፍ ይስፋ እንጂ ከእሱ ቁመት በላይ አይጠልቅ። የግንዱ ግርጌ ከመሬቱ ጋር እኩል ሆኖ መቆም አለበት፤ «እንዳይወድቅ» ተብሎ ወደ ታች የተቀበረ ዘንባባ ሥሩ አየር አጥቶ ቀስ እያለ ይጠፋል። መሬቱ በጋ የሚሰነጠቅ፣ ክረምት ውሃ የሚቋጥር ጥቁር አፈር ከሆነ ቦታውን በአፈር ጉብ አድርጎ እዚያ ላይ መትከል ነው። ያልበሰለ ፍግ ጉድጓድ ውስጥ አይገባም፣ ሥር ያቃጥላል፤ የበሰለ ብስባሽ ከላይ ቢበተን ይበቃል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት በጋዎች፣ ከጥቅምት ጀምሮ፣ ውሃ እንዳይቋረጥበት።

ቦታ መምረጡ ከሁሉ ይከብዳል። ያደገ የካናሪ ዘንባባ ቅጠሉን ሲዘረጋ ከዳር እስከ ዳር ስምንት፣ ዐሥር ሜትር ይወስዳል። ሥሩ በርካታ ቀጫጭን ጅማት እንጂ እየወፈረ የሚሄድ ስላልሆነ መሠረት የመሰንጠቅ ክፉ ጠባይ የለውም። የሚያስቸግረው ከላይ ነው፤ የመብራት ሽቦ፣ የጎረቤት ጣሪያ፣ የመኪና መግቢያ። ቅጠሉ ከግንዱ በሚገናኝበት በኩል ያሉት ትንንሽ ቅጠሎች ደርቀው ወደ እሾህነት ተለውጠዋል፤ እንደ ወስፌ የሾሉ ናቸው፣ ዓይንም ያጠፋሉ። የአገሩ ዘንባባም ይኸው እሾህ አለው። ልጆች በሚሯሯጡበት ግቢ ከመተላለፊያ ራቅ ማድረግ ግድ ነው። የሚከረክመውም ሰው ጓንትና መነጽር ያስፈልገዋል።

ስለ መከርከም ካነሣን፣ በከተማችን የብዙ ዘንባባ ችግር ከልክ በላይ መላጨት ነው። አረንጓዴ ቅጠል ሁሉ ተወግዶ አናቱ ላይ አንድ ጭብጥ ብቻ ሲቀር ንጹሕ ይመስላል፤ ነገር ግን ዛፉ ምግቡን የሚያበስልበት ይወሰድበታል። ፖታሲየም ሲያንሰው ከአሮጌዎቹ ቅጠሎች እየሳበ ለአዲሶቹ ያካፍላል። ስለዚህ ዳሩ ቢጫ ያለው አሮጌ ቅጠል እንኳ ሥራ አልፈታም። የሚቆረጠው ፈጽሞ የደረቀው ነው። መጋዙ ከአንዱ ዛፍ ወደ ሌላው ሲሄድም መጽዳት አለበት፤ የካናሪውን ዘንባባ የሚያደርቀው ፉዛሪየም የተባለ ሻጋታ በመቁረጫ ይተላለፋልና። ከውጭ የሚመጣ ትልቅ ዘንባባ ደግሞ በጥንቃቄ ይታይ። ከእስያ የተነሣው ቀዩ የዘንባባ ነቀዝ የባሕረ ሰላጤውን አገሮችና ግብፅን አዳርሶ በሜዲትራኒያን ዳርቻ በርካታ የካናሪ ዘንባባዎችን የጨረሰው ከተክል ጋር እየተጓዘ ነው።

ለመካከለኛ ግቢ የአገሩ ዘንባባ ይሻላል። ከሥሩ የሚወጡትን ቡቃያዎች በየጊዜው በማንሳት ከአንድ እስከ ሦስት ግንድ ብቻ መተው ይቻላል። ቁመቱ ለቤት የተመጠነ ነው፤ በሆሳዕና ሰሞንም ቅጠል ፍለጋ ገበያ አያስወጣም።

ወደ ተነሣንበት ሰፈር ስንመለስ፣ ካዛንቺስ በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ ለመንግሥት ሠራተኞች በተሠሩ ባለ አትክልት ቤቶች የተጀመረ ሰፈር ነው። በ1950 ዓ.ም. የአፍሪካ ኢኮኖሚክ ኮሚሽን ሲቋቋም፣ በ1953 ዓ.ም. የአፍሪካ አዳራሽ ሲመረቅ አካባቢው ሌላ መልክ ያዘ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ለኮሪደር ልማትና ለመልሶ ማልማት ሲባል አብዛኛው አሮጌ ክፍሉ ፈርሶ ነዋሪዎቹ ወደ ሌሎች የከተማዋ አካባቢዎች ተዛውረዋል። ቤት ሲፈርስ የግቢው ዛፍም አብሮ ይቆረጣል።

ዘንባባ ግን ከብዙዎቹ ትልልቅ ዛፎች በተለየ ካደገ በኋላም ሊዛወር ይችላል። ከግንዱ ግርጌ አዲስ ሥር ስለሚያበቅል በመጠነኛ የአፈር ጓል ተነስቶ፣ ቅጠሉ ወደ ላይ ታስሮ፣ በክሬን ተጭኖ ሌላ ቦታ ይተከላል። ውሃ ካልጎደለበትና ከቀድሞው ጥልቀቱ በታች ካልተቀበረ ይጸድቃል። ግቢው ለልማት የሚነሳበት የቂርቆስ ክፍለ ከተማ ነዋሪ ሁሉ፣ ማሽኑ ከመግባቱ በፊት ያደገ ዘንባባ እንዳለው ለወረዳው አስቀድሞ ያሳውቅ፤ ወረዳውም ዛፉን አስቆፍሮ በየመንገዱ ዳር ያስተክለው። ከውጭ በውድ የሚገዛው ዛፍ ይህን ብርድና ይህን አፈር ገና መልመድ አለበት፤ የግቢው ዘንባባ ግን ለምዶታል።