የግቢ ማንጎና የቤተሰብ ጤንነት

በባሕር ዳርና በጣና ሐይቅ አካባቢ የማንጎ ዛፍ ያለበት ግቢ ብዙ ነው። ዛፉ በበጋ ጥላ ይሰጣል፤ በሚያዝያና በግንቦት ደግሞ ፍሬው እየበሰለ ቅርንጫፉን ያጎነብሰዋል። ቤተሰብ በዛፉ ሥር ተሰብስቦ ማንጎ እየላጠ መብላቱ የወቅቱ ደስታ ነው። ይሁን እንጂ ፍሬው ለሰውነት የሚሰጠውን ጥቅም፤ በንጽሕና ካልተያዘም የሚያመጣውን ጉዳት ማወቅ ለወላጆችና ለመምህራን ተገቢ ስለ ሆነ ከዚህ በታች ባጭሩ እንገልጻለን።

የፍሬው ጥቅም

የበሰለ ማንጎ ውስጡ ቢጫ የሚሆነው ካሮቲን የሚባል ንጥረ ነገር ስላለበት ነው። ሰውነታችንም ካሮቲኑን ወደ ቪታሚን ኤ ይለውጠዋል። ይህ ቪታሚን በቅቤና በእንቁላል አስኳል ውስጥ መኖሩን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1913 ዓ.ም. ያስታወቁት ማክኮለምና ዴቪስ የተባሉ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ናቸው።

ቪታሚን ኤ የጐደለው ሕፃን አስቀድሞ በምሽት ማየት ይሳነዋል፤ ይህም አባቶቻችን ዳፍንት የሚሉት በሽታ ነው። ቀን ከጓደኞቹ ጋር ሲሮጥ የዋለ ልጅ ጀምበር ስትጠልቅ ግድግዳ እየዳሰሰ የሚሄድ ከሆነ፤ ወላጆቹ ፈሪ ነው ብለው ሳይቈጡት ፈጥነው ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። ካልታከመ የዐይኑ ብሌን ይደርቃል፤ ይቈስላል፤ በመጨረሻም ሊታወር ይችላል።

መካከለኛ የሆነ አንድ ማንጎ፤ እንደ ዓይነቱ ቢለያይም፤ 200 ግራም ያህል የሚበላ ክፍል አለው። ይህም ከ1 እስከ 3 ዓመት ያለ ሕፃን በቀን ከሚያስፈልገው ቪታሚን ኤ ሢሶውን ያህል ይሰጣል። የሚገኝበት ቪታሚን ሲ ደግሞ በጤፍና በምስር ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነት እንዲቀበለው ይረዳል።

ጉበታችን ከዕለት ፍጆታ የተረፈውን ቪታሚን ኤ እንደ ጎተራ ያከማቻል፤ ክምችቱ በቂ ከሆነም ለወራት ይቈያል። ማንጎ የሚበስለው ክረምቱ ከመግባቱ፤ የብዙ ቤትም እህል ከመጉደሉ በፊት ነው። ስለዚህ በወቅቱ ማንጎን ከጎመን፣ ከዱባና ከካሮት ጋር አዘውትሮ የተመገበ ሕፃን ለክረምቱ ስንቅ ይዞ ይገባል። መልካም መልካሙን ፍሬ ሁሉ ለገበያ አውርዶ ለልጆች ጥሬውንና የተጨፈለቀውን ብቻ መተው ስንቃቸውን እንደ መሸጥ ይቈጠራል።

ከዛፉ ሥር የሚመጣ ጉዳት

«ማንጎ ልጆችን ያስቀምጣል» ሲባል ይሰማል። ያለ ልክ የበላ ሰው ሆዱ ሊላላ ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የፍሬው ሳይሆን የአፈሩ፣ የእጁና የዝንቡ ነው። ወስፋት ያለበት ልጅ በግቢ ጥግ ሲጸዳዳ የወስፋቱ እንቁላሎች ከዐይነ ምድሩ ጋር ይወጣሉ። አንዲት እንስት ወስፋት በቀን እስከ 200,000 እንቁላል ትጥላለች። እንቁላሎቹ ያለ አጉሊ መነጽር አይታዩም፤ በእርጥብ አፈር ውስጥ ከ3 ሳምንት ያህል በኋላ በሽታ ለማስያዝ ይደርሳሉ፤ ለዓመታትም ሳይሞቱ ሊቈዩ ይችላሉ። ከዛፉ የወደቀው ማንጎ በዚህ አፈር ላይ ያርፋል፤ ልጁም አንሥቶ በጥርሱ ይልጠዋል። ወስፋቱ በአንጀቱ ውስጥ አድጎ ምግቡን ይሻማል፤ ቪታሚን ኤም ወደ ሰውነቱ በደንብ እንዳይገባ ያውካል። እንግዲህ ቅርንጫፉ የሰጠውን ከሥሩ ያለው አፈር መልሶ ወሰደው ማለት ነው።

ሊደረግ የሚገባው ጥንቃቄ

1. ፍሬውን መሬት ሳይነካ፤ ጫፉ ላይ ከረጢት በታሰረ ረጅም ዘንግ መልቀም።

2. ከተቀጠፈበት አንጓ የሚወጣው ፈሳሽ ቈዳንና ከንፈርን ስለሚያቃጥል፤ ፍሬውን ዘቅዝቆ ማንጠፍጠፍ።

3. እጅን በሳሙና፣ ፍሬውን በንጹሕ ውሃ አጥቦ፤ በጥርስ ሳይሆን በንጹሕ ቢላዋ መላጥ።

4. ካሮቲን ጥቂት ቅባት ሲያገኝ ለሰውነት ስለሚስማማ፤ ማንጎውን ከምግብ ጋር ወይም ከምግብ በኋላ መብላት።

5. የተሰነጠቀውንና የበሰበሰውን ፍሬ፤ ልጣጩንም ጭምር ዝንብ ሳያርፍበት መቅበር።

6. ልጆችን ክዳን ባለው መጸዳጃ ቤት ማስለመድ፤ በዛፍ ሥር መጸዳዳትን ፈጽሞ መከልከል።

7. ሕፃን 6 ወር እስኪሞላው ከእናት ጡት በቀር ምንም አለመስጠት፤ ከዚያ በኋላ ግን የበሰለ ማንጎ አድቅቆ ወዲያው ማብላት።

ማንጎ በቤት አለ ተብሎ ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ላሉ ሕፃናት በየ6 ወሩ የሚሰጠው የቪታሚን ኤ እንክብል መቅረት የለበትም።

መምህራን ሆይ፤ የማንጎ ወቅት ለንጽሕና ትምህርት የተመቸ ጊዜ ነው። ተማሪዎቻችሁ በሚወዱት ፍሬ ምክንያት እጅ መታጠብን ቢለምዱ፤ ልማዱ ፍሬው ካለቀ በኋላም አብሯቸው ይኖራል። ሲመሽ ማየት የሚሳናቸው ልጆች እንዳሉም ጠይቁ፤ ያገኛችሁትንም ሳትዘገዩ ለወላጆቹ አስታውቁ።