ሳይደገም የቀረው ፍተሻ

እ.ኤ.አ. ኦገስት 1 ቀን 2012 ጠዋት፣ የኒውዮርክ የአክሲዮን ገበያ በተከፈተ በ45 ደቂቃ ውስጥ፣ ናይት ካፒታል የተባለው የአሜሪካ አክሲዮን አገበያይ ድርጅት ከ460 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከሰረ። ብዙ ጊዜ የሚወራው የዚያን ሰሞን ስህተት ነው፦ አዲሱ ፕሮግራም ከስምንት ሰርቨሮች በአንዱ ላይ ሳይጫን ቀረ፤ ከ2003 ጀምሮ አገልግሎት ያቆመ አሮጌ ኮድ እዚያ ተቀሰቀሰና 212 የደንበኞች ትዕዛዞች ከ4 ሚሊዮን በላይ ግብይት ወለዱ። እኔን የሚያሳስበኝ ግን የአሜሪካ የካፒታል ገበያ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን በምርመራው ያነሳው ሌላ ነጥብ ነው። የተፈጸመውን እየደመረ ትዕዛዙ ሲሞላ ግብይቱን የሚያስቆመው የኮዱ ክፍል በ2005 ከቦታው ተዛውሮ ነበር፤ ከዚያ በኋላ አሮጌው ኮድ ማቆም መቻሉን ድርጅቱ ዳግመኛ አልፈተሸም። ማቆሚያ ያጣ ኮድ ሰባት ዓመት ተቀመጠ።

ዩኒት ቴስት የሚባለው ለእንዲህ ያለው ቦታ ነው። ከፕሮግራሙ አንዲት ቁራጭ ነጥሎ የሚሞክር አጭር ኮድ ነው፦ የ100 አክሲዮን ትዕዛዝ ይሰጣል፣ 100 ሲሞላ ግዢው መቆሙን ያያል፣ ካልቆመ ቀይ ያበራል። ጥቂት መስመር ነው፤ ሮጦ ለመጨረስም ሰከንድ አይፈጅም። ነገር ግን ተጽፎ መቀመጡ ብቻውን ዋጋ የለውም። ኮድ የሚያዛውር ሰው የሚፈትሸው ትዝ ያለውን ነው፤ ጉዳቱ የሚደርሰው ደግሞ ትዝ ባላለው በኩል ነው። ኮንቲኒዩየስ ኢንቴግሬሽን ይህን ሸክም ከሰው ትዝታ ላይ ያነሳል፤ አንድ ፕሮግራመር ሥራውን ወደ ጋራው ኮድ በላከ ቁጥር ሰርቨሩ ሁሉንም አንድ ላይ ይገነባል፣ ቴስቶቹን በሙሉ ያስኬዳል፣ አንዱ ከወደቀ ለውጡ እንዳይገባ ያግዳል። ቴስት የሌለው ኢንቴግሬሽን በበኩሉ የሚነግረን ኮዱ መገጣጠሙን ብቻ ነው። ስለዚህ ሁለቱን አንዱ ካንዱ እንደሚመረጥ አድርጎ ማቅረብ ስህተት ነው እላለሁ።

የተዘለለውን ሰርቨር ዩኒት ቴስት አያገኘውም ነበር የሚል ተቃውሞ ይነሳል፤ እውነት ነው። ሆኖም በ2005 ቴስቱ ወድቆ ቢሆን ኖሮ ለድርጅቱ ሁለት ምርጫ ብቻ ይቀረው ነበር፦ አሮጌውን ኮድ ማስተካከል፣ አለዚያም የማይገለገልበትን ነገር ጨርሶ መሰረዝ። ከተሰረዘ ደግሞ ከሰባት ዓመት በኋላ የሚቀሰቀስ ነገር አይኖርም። ጊዜ ይፈጃል የሚለው ተቃውሞ ይበልጥ ይከብዳል። ቴስቶቹ ብዙ ሰዓት የሚወስዱ ከሆነ፣ ወይም ያለ ምክንያት አንዴ እያለፉ አንዴ እየወደቁ ካስቸገሩ፣ ፕሮግራመሮቹ ቀዩን ምልክት አይተው ማለፍ ይለምዳሉ፤ ባዶ መተማመን ስላለበት ይህ ጭራሽ ቴስት ከሌለው ቡድን የባሰ ነው። ፈጣኖቹን በየለውጡ፣ ረጅሞቹን ሌሊት ማስኬድ፣ የሚዋልለውንም ቴስት በዕለቱ መጠገን ወይም ማውጣት ያስፈልጋል። አሮጌ ኮድ የወረሰ ቡድንም ሁሉንም ባንዴ ልፈትሽ ብሎ አይድከም፤ ገንዘብ ከሚቆጥረውና ሥራ ከሚያስቆመው ክፍል ይጀምር፣ ከዚያ በኋላ ለሚገኝ ስህተት ሁሉ ከመታረሙ በፊት ቴስት ይጻፍለት።