የዱር ድንቾችን ያሰሱት የፔሩ ሊቅ

ድንች በደጋ አካባቢ ሌላው እህል ገና ሳይደርስ ለቤተሰብ ቀድሞ የሚደርስ ሰብል መሆኑን የልማት ሠራተኞችም ሆኑ የኅብረት ሥራ ማኅበራት አባላት በሚገባ ያውቃሉ። ወደ አገራችን የገባው እ.ኤ.አ. በ1858 በጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ በሺምፐር አማካይነት እንደሆነ ይነገራል። በገበሬው ዘንድ በሰፊው የተለመደው ግን በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ከደረሰው ከክፉ ቀን ረሃብ ወዲህ ነው። ስለ አተካከል ርቀቱ፣ ስለ ማዳበሪያው መጠንና ስለ ኩትኳቶው ብዙ ተጽፏል። በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ግን ስለ አንድ ሰው ነው። ምክንያቱም በየመስኩ ስንዞር ከገበሬዎች ዘወትር የሚቀርብልን ጥያቄ አለ፤ «ትናንት ይህን ዝርያ ትከሉ አላችሁን፣ ዛሬ ደግሞ ለውጡ ትሉናላችሁ፤ ለምንድን ነው?» የሚል ነው። መልሱን በእኚህ ሰው ሥራ ውስጥ እናገኘዋለን።

ካርሎስ ኦቾአ እ.ኤ.አ. በ1920 በፔሩ፣ በጥንቷ የኢንካዎች መዲና በኩስኮ ተወለዱ። ኩስኮ ከባሕር ወለል በላይ 3,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። በዚያ አካባቢ ያለ ገበሬ በአንድ ማሳ አንድ ዓይነት ድንች ብቻ አይተክልም። ቀዩን፣ ጥቁሩን፣ ቢጫውን፣ ድቡልቡሉን፣ ጠማማውን ቀላቅሎ ይተክላል። እያንዳንዱም በኬችዋ ቋንቋ የየራሱ ስም አለው። ከእነዚህ አንዱ በእኛ አነጋገር «ምራት አስለቃሽ» ማለት ነው። ጉጥና ስርጉድ የበዛበት ድንች ስለሆነ፣ አማት አዲሲቱን ሙሽራ ልጪው ብላ ትፈትንበታለች ይባላል። በእኛም ደጋ ቢሆን ይህን ስም የሚረዱ እናቶች ጥቂት አይመስሉንም።

ኦቾአ የእርሻ ትምህርታቸውን በቦሊቪያ፣ በኮቻባምባ ከተማ በሚገኘው በሳን ሲሞን ዩኒቨርሲቲ ተከታተሉ፤ ቀጥሎም በአሜሪካ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተምረዋል። ሥራቸውን የጀመሩት ድንች በማዳቀል ነው። በ1950ዎቹ ለፔሩ ገበሬዎች ካቀረቧቸው ዝርያዎች አንዱ «ሬናሲሚየንቶ» ይባላል፤ ትርጉሙ ህዳሴ ማለት ነው። ከዚያም በሊማ አጠገብ በሚገኘው በላ ሞሊና የእርሻ ዩኒቨርሲቲ አስተማሪ ሆኑ፤ በኋላም በዚያው የክብር ፕሮፌሰርነት ማዕረግ አገኙ።

እዚህ ላይ አንባቢ ሊጠይቅ ይችላል። ገበሬን የሚጠቅም ዝርያ የሚያወጣ ሰው፣ ምን ቆርጦት ተራራ ለተራራ እየዞረ፣ የማይበላ የዱር ተክል ሲለቅም ዕድሜውን ይፈጃል? ነገሩ እንዲህ ነው።

ድንች አዳቃይ እንደ ከብት አርቢ ነው። ጥሩ ጥጃ የሚፈልግ አርቢ ወላጆቹን ማወቅ አለበት። የምንበላው ተራ ድንች 48 ክሮሞሶም ሲኖረው፣ አብዛኞቹ የዱር ዘመዶቹ 24 ክሮሞሶም ብቻ አላቸው። ኮረታቸው ትንሽ ነው፤ ብዙውን ጊዜም ይመራል፤ መራራው ነገር ሲበዛ ይመርዛል። ነገር ግን አንዱ ውርጭን ይችላል፣ ሌላው ሥር የሚበሉትን ጥቃቅን ትሎች ይቋቋማል፣ ሌላው ደግሞ ገበሬው ምች የሚለውን የቅጠልና የኮረት በሽታ አይቀበልም። ይህ በሽታ እ.ኤ.አ. ከ1845 ጀምሮ የአየርላንድን ድንች ደጋግሞ ሲያጠፋ፣ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው በረሃብና ረሃቡ ባመጣው በሽታ አለቀ፤ ሌላው ሚሊዮን አገሩን ጥሎ ተሰደደ። የአየርላንድ ድሀ ገበሬ የሚተክለው በአብዛኛው አንድ ዓይነት ድንች ስለነበረ፣ በሽታው አንዱን ማሳ ካሸነፈ ሌላው ማሳ የሚከላከልበት ነገር አልነበረውም።

የዱሩን ጠባይ ወደ እርሻው ድንች ማምጣት ግን በአንድ ዓመት የሚያልቅ ሥራ አይደለም። የመጀመሪያው ድቅል መልኩም ሆነ ምርቱ የዱሩን ይመስላል። ስለዚህ ከእርሻው ድንች ጋር ደጋግሞ ማዳቀል፣ በየትውልዱም በሺህ የሚቆጠር ችግኝ እያዩ መጣል ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ ከተደረገ በኋላ ደግሞ ሌላ ችግር ይመጣል። ከሜክሲኮ በተገኘ አንድ የዱር ድንች አማካይነት ምችን ፈጽሞ የሚከለክሉ ዝርያዎች ወጥተው ነበር፤ ነገር ግን ጥቂት ዓመታት ሳይቆዩ በሽታው ራሱን ለውጦ አሸነፋቸው። ለገበሬው ጥያቄ መልሱ ይኸው ነው፤ ዝርያ የምንለውጠው በሽታው ስለሚለወጥ ነው። አዳቃዩም አንዱ ወላጅ ሲሸነፍ ሌላ ወላጅ ፍለጋ ይወጣል። ያ ወላጅ የሚበቅልበት ሸንተረር ታርሶ ወይም በፍየል ተግጦ ከቆየው፣ የሚሄድበት ቦታ የለም።

ኦቾአ ከአዳቃይነት ወደ ዕፅዋት ሳይንስ የተሳቡት በዚህ መንገድ ይመስለናል። ወላጆቹ ስም አልነበራቸውም፤ የት እንደሚበቅሉም በወጉ የተጻፈ አልነበረም። ስለዚህ በአንዲስ ተራሮች መመላለስ ጀመሩ። ከዱር ድንቾች መካከል በአንድ ሸለቆ ብቻ የሚገኙ አሉ፤ ከሸለቆው ማዶ ቢፈለጉ አይገኙም። ሰብሳቢው ተክሉን ባገኘበት ቦታ ቆሞ ከፍታውን፣ የአፈሩን ዓይነትና የአበባውን ቀለም ይጽፋል፤ አበባው ሲደርቅ ቀለሙ ይጠፋልና። ቅርንጫፉን በጋዜጣ መካከል ተጭኖ ያደርቃል፤ ኮረቱንና ፍሬውን ለብቻ ይይዛል። ኦቾአ ይህን ሲያደርጉ ለሳይንስ አዲስ የሆኑ ወደ 80 የሚጠጉ የዱር ድንች ዓይነቶችን ለይተው አውጥተዋል። ከእነዚህ አንዱ ከሊማ በላይ ባለችው በካንታ አውራጃ ስም ሶላነም ካንቴንሴ ተብሎ ተሰይሟል።

የእርሻ ድንቾችንም አልተዉም። በተለይ መራራ የሚባሉት ድንቾች ነገር ለደጋ ሰው የሚገርም ነው። እነዚህ ወደ 4,000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ፣ ሌላ ሰብል ውርጭ በሚፈጅበት ቦታ ይበቅላሉ፤ የተገኙትም የእርሻው ድንች ከዱሩ ጋር በራሱ ጊዜ ተዳቅሎ ነው። እንዲሁ ተቀቅለው አይበሉም። ገበሬው በውርጭ ሌሊት ሜዳ ላይ አስጥቶ ያስመታቸዋል፣ በቀን በእግሩ ረግጦ ውሃቸውን ያወጣል፣ ከዚያም በፀሐይ ያደርቃቸዋል። «ቹንዮ» የሚሉት ይህ ደረቅ ድንች ለዓመታት ሳይበላሽ ይቀመጣል። እኛ ውርጭን የምናውቀው በጠላትነቱ ብቻ ነው፤ እነሱ እንደ ማድረቂያ መሣሪያ ተጠቅመውበታል።

እ.ኤ.አ. በ1971 ዓለም አቀፍ የድንች ማዕከል በሊማ ሲቋቋም፣ ኦቾአ ሥራቸውን ወደዚያ አዛወሩ። የሰበሰቧቸውም ድንቾች ለማዕከሉ ስብስብ መሠረት ከሆኑት መካከል ናቸው። ዛሬ በዚያ ስብስብ ከ4,000 በላይ የአንዲስ ገበሬዎች ዝርያዎች ይገኛሉ። ስለ ቦሊቪያ ድንቾች የጻፉት ትልቅ መጽሐፍ በ1990፣ ስለ ፔሩ የጻፉት ደግሞ በ1999 ታተመ፤ ሁለተኛው ሲወጣ 79 ዓመታቸው ነበር። በዲሴምበር 2008 በሊማ አረፉ።

አከፋፈላቸው ሁሉ ጸንቶ አልቆየም። በቦሊቪያው መጽሐፍ የእርሻ ድንቾችን ብቻ በ9 ዋና ዓይነቶችና ከእነዚያ በታች በ141 ንዑስ ክፍሎች ከፍለዋቸው ነበር። በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች በዘረ መል ምርመራ እየታገዙ የእርሻውን ወደ 4፣ የዱሩን ደግሞ ወደ 107 ዓይነት ዝቅ አድርገውታል፤ ኦቾአ ለየብቻ ከሰየሟቸውም በርካቶቹ ከሌሎች ጋር ተጠቃለዋል። ይህን አንስተው ሥራቸውን የሚያቃልሉ አሉ፤ እኛ ግን አንስማማም። የስያሜው ወረቀት ቢቀየርም ኮረቱና ፍሬው ከነተገኘበት ቦታ በስብስቡ ውስጥ አለ፤ አዲሶቹ ተመራማሪዎችም ቢሆኑ የመረመሩት እሳቸውና ባልደረቦቻቸው የሰበሰቡትን ነው።

በአገራችን ከተለቀቁት ዝርያዎች ጉደኔ፣ ጃለኔና በለጠ የመጡት ከዚሁ ከሊማው ማዕከል ከተገኘ ዘር ሲሆን፣ በአገራችን የምርምር ማዕከላት ተፈትነው የተመረጡ ናቸው። ከጀርባቸው ረጅም የማሰባሰብና የማዳቀል ሥራ አለ።

ስለ መለያ ወረቀት ይህን ያህል የምንጨነቀው ያለ ምክንያት አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአንድ ደጋ ቀበሌ የቆዩ የአካባቢ ድንቾችን ሰብስበን ነበር። አንዲት እናት፣ ምች በመጣበት ዓመት የጎረቤቶቻቸው ሁሉ ሲጠቁር የእሳቸው ጓሮ ብቻ እንደተረፈ ነግረውን፣ ከዚያው ድንች አሥር ኮረት መርጠው ሰጡን። ስሙንና ቦታውን በእስክሪብቶ ጽፈን ከከረጢቱ ላይ ለጠፍን። መንገድ ላይ ዝናብ መታን፤ ስንደርስ ቀለሙ ፈስሶ የትኛው የማን እንደሆነ መለየት አልተቻለም። በዓመቱ ስንመለስ «ልጄ፣ ያ ድንቼ የት ደረሰ?» አሉን። «እማማ፣ ጠፋብን» ከማለት በቀር መልስ አልነበረንም። እንደገና እንዲሰጡን ብንለምናቸው፣ በዚያ ዓመት ዘር አልቆባቸው ከገበያ የገዙትን ተክለው ነበር።

ስለዚህ የልማት ሠራተኞችም ሆናችሁ የማኅበር ዘር ኮሚቴዎች፣ በበሽታ ዓመት የተረፈ ጓሮ ስታገኙ የድንቹን የአካባቢ ስም ከነትርጉሙ፣ ቀበሌውን፣ ከፍታውን፣ ቀኑን፣ የአበባውን ቀለም፣ የኮረቱን የልጣጭና የውስጥ ቀለም፣ ገበሬው ከስንት ዓመት ጀምሮ እንደተከለውና ከማን እንዳገኘው ጻፉ። አበባው ሳይረግፍ አንድ ጊዜ፣ ኮረቱ ሲወጣ ደግሞ ሌላ ጊዜ መሄድ ያስፈልጋል። ለገበሬው የሚተርፍ ዘር መኖሩን ሳታረጋግጡ ሁሉንም አትውሰዱ። የምትጽፉት በእርሳስ ይሁን፤ እርሳስ ዝናብ አያጠፋውም። ወረቀቱም ሁለት ይሁን፣ አንዱ ከከረጢቱ ውስጥ፣ አንዱ ከውጭ።